ሻሽ ይታሰራል፣ ነጠላ ይከናነቡታል

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በእግሩ ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው፣ ታላቁ አንዋር መስጊድ እስኪደርስ ድረስ፣ የሴቶች ራስ መሸፈኛ ከሚጠራባቸው የአማርኛ ስሞች አብዛኞቹን በመንገዱ ላይ ይሰማል፤ ሻሽ፣ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ቬሎ፣ ቆብ፣ ሒጃብ፣ ጅልባብ። እነዚህ ስሞች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ አይደሉም። አንዱ ከሸቀጥ ጋር በቀይ ባሕር በኩል ገባ፤ ሌላው የሃይማኖት ትምህርት ተከትሎ መጣ፤ ሌላው ጣሊያን ከተማችን ውስጥ ጥሏቸው ከሄዱት ቃላት አንዱ ነው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ከግእዝ ዘመን ጀምሮ ቤተኞች ናቸው። ስለ ስሞቹ ባሰብኩ ቁጥር ግን ዐይኔን የሚስቡት ከስሞቹ ጋር የሚሄዱት ግሶች ናቸው። ሻሽ ይታሰራል፣ ነጠላ ይከናነቡታል፣ ቆብ ይደፋል፣ ጥምጥም ይጠመጠማል፤ አንዱን ግስ ለሌላው ልብስ ብናውለው አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ጆሮውን ይቆረቁረዋል። አንድ ልብስ ከእኛ ጋር ምን ያህል እንደኖረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የስሙን ትውልድ ከመረመረ በኋላ፣ ያ ስም የትኛውን ግስ እንዳገኘ ሊመረምር ይገባል የሚል እምነት አለኝ፤ ይህንንም እያንዳንዱን ቃል እየያዝሁ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሻሽ የዐረብኛ ቃል ነው። በዐረብኛ ሻሽ ስስ የጥጥ ጨርቅን፣ በተለይም ለጥምጥም የሚሆነውን፣ ያመለክታል። እንዲህ ያለው ስስ ጨርቅ ከሕንድ እየተጫነ በቀይ ባሕር ወደቦች የሚራገፍ ተፈላጊ ሸቀጥ ስለነበረ፣ ስሙም በነጋዴዎች አፍ ብዙ አገር ደርሷል። እንግሊዞች በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ይህንኑ ቃል ከዐረብኛ ወስደው «ሳሽ» አሉት፤ በመጀመሪያ የምሥራቅ ሰዎች በራሳቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ጨርቅ ይጠሩበት ነበር፣ ከጊዜ በኋላ ግን ወደ ትከሻና ወደ ወገብ አወረዱት፤ የቁንጅና ውድድር ያሸነፈች ልጅ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በሰያፍ የምታጠልቀው ጨርቅ ዛሬ በእነርሱ ቋንቋ በዚህ ስም ይጠራል። እኛ ዘንድ ሻሽ ከራስ አልወረደም፤ ለወገቡ መቀነት የሚባል የራሳችን ቃል ነበረንና። ሶማልኛም ቃሉን ያውቀዋል፤ በሶማሌ ባህል ሻሽ ያገባች ሴት ምልክት ስለሆነ፣ ከሠርጉ በኋላ ሙሽራዋ ሻሽ የምታስርበት «ሻሽ ሳር» የተባለ ሥርዐት አለ። «ሳር» ከላይ ማኖር ማለት ነው፤ የሶማሌ ሴቶች ከትከሻቸው ላይ የሚጥሉት «ጋርባሳር» የተባለው ልብስም ስሙን ያገኘው ትከሻን ከሚያመለክተው «ጋረብ» ከሚለው ቃልና ከዚሁ ግስ ነው።

ሻሽ በአገራችን የሴት ብቻ ሆኖ እንዳልቆየ የሚያስረዳ ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በብዙ ፎቶግራፎቻቸው ላይ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፣ ከላዩ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው ይታያሉ። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ሻሽ ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የእናት ራስ ነው። ባለ አራት ማዕዘኑ ጨርቅ በሰያፍ ይታጠፍና ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ሰፊው ጎን ከግንባር በላይ ያርፋል፤ ሁለቱ ጫፎች ከጆሮ ኋላ ተስበው ማጅራት ላይ ይቋጠራሉ፤ ሦስተኛው ጫፍ ከቋጠሮው ሥር ይወተፋል። ራሷን ያመማት ሴት ደግሞ ያንኑ ሻሽ እንደ ገመድ አጥብቃ ጠቅልላ ግንባሯን ትጠፈንግበታለች። ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ የተደረገላት ሴት ቅቤው ወደ ፊቷ እንዳይወርድና ነጠላዋን እንዳያጨቀይ የምታስረው ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ አሮጌ ሻሽ ነው፤ መሀሉ በቅቤ ወዝ የጠቆረ፣ ታጥቦም ሽታው የማይለቀው። አራስ ብርድ እንዳይመታት ሻሽ ታስራለች፤ ሐዘንተኛ ጥቁር ሻሽ ታስራለች፤ ምጣድ ላይ የቆመችም ጭሱ ፀጉሯ ውስጥ እንዳይገባ ሻሽ ታስራለች። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግሱ አንድ ነው፣ ማሰር። የውጭ ቃል ሆኖ እንዲህ ያለ ሰፊ የቤት ሥራ የተሰጠውና ከአንድ ግስ ጋር እንዲህ የተቆራኘ ስም የእንግድነት ዘመኑን የጨረሰ ነው።

ነጠላ ፍጹም የቤት ልጅ ነው። «ነጠለ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ግእዙ «ነጸለ» ሲሆን የግእዙ ጸ በአማርኛ ወደ ጠ ሲለወጥ በሌሎች ቃላትም እናገኘዋለን፤ ጽሕም ጢም የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ትግርኛ የጥንቱን ድምፅ ጠብቆ ዛሬም «ነጸላ» ይላል። የስሙ ምክንያት ልብሱን በእጁ ለዳሰሰ ሰው ግልጽ ነው፤ ጋቢ ተደራርቦ የሚሠራ ወፍራም ልብስ ሲሆን ነጠላ ግን ከዚያ ድርብነት የተለየ፣ ወደ ብርሃን ቢይዙት እጅን አሳልፎ የሚያሳይ ስስ ፈትል ነው። ስሙ ስለ ራስ መሸፈኛነቱ አንዳች የሚናገረው ነገር የለም፤ ስለ ጨርቁ አሠራር ብቻ ይናገራል። ራስ ላይ መሆኑን፣ ትከሻ ላይ መሆኑን፣ ሐዘን ላይ መሆኑን የሚነግሩን ግሶቹ ናቸው፣ እነርሱም ብዙ ናቸው።

አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መልሳ ስትጥል አጣፋች ይባላል። ደረቷ ወይም ወገቧ ላይ አዙራ አጥብቃ ስትቋጥረው አደገደገች ይባላል፤ በድግስና በለቅሶ ቤት እንግዳ የምታስተናግድ ሴት እጇ ነጻ እንዲሆን የምታደርገው ነው። ይህ ግስ ቀድሞ አሽከር በጌታው ፊት ለአክብሮት ልብሱን የሚያስተካክልበትን ሁኔታ ስለሚያመለክት፣ ዛሬ ለባለሥልጣን ከመጠን በላይ የሚሽቆጠቆጥ ሰው ያደገድጋል ይባላል፤ ልብሱ ተረስቶ አቋሙ ብቻ በቃሉ ውስጥ ቀርቷል። ሐዘን ሲመጣ ነጠላው ይዘቀዘቃል። በደህናው ቀን ወደ ታች የሚወርደው ጥለት በሐዘን ቀን ወደ ላይ ዞሮ ከአንገትና ከፊት አጠገብ ይውላል፤ ስለዚህ በአራት ኪሎ ጎዳና ላይ የማታውቃትን ሴት ሳትጠይቃት፣ ጥለቷን ብቻ አይተህ ሰው እንደሞተባት ልታውቅ ትችላለህ። ሸማኔው ጥለቱን በሳባም ሆነ በወርቀ ዘቦ ሲሠራው የሐዘን ነጠላ ብሎ ለይቶ አይሸምነውም፤ ሐዘኑን የሚያመጣው የለባሿ እጅ ነው። በመጨረሻም ነጠላው ወደ ራስ ሲወጣ ተከናነበች እንላለን።

እሑድ ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ይህንን ግስ በዐይኑ ያየዋል። ከታክሲ ወርደው ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ ጥለው የመጡ ሴቶች ከቅጽሩ በር ሲደርሱ እርምጃቸውን ገታ አድርገው፣ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ወደ ራሳቸው ያወጡና ተሳልመው ይገባሉ። ፀጉራቸው የለሰለሰው ነጠላው እየተንሸራተተ ስለሚያስቸግራቸው ከሥሩ ሻሽ አስረው የሚመጡ ብዙዎች ናቸው፤ እዚያ ላይ ከዐረብኛ የመጣው ስምና ከግእዝ የመጣው ስም በአንድ ራስ ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 11 ስለዚህ ጉዳይ ሲናገር፣ ሴት «ከመላእክት የተነሣ» በራሷ ላይ ሊኖራት የሚገባውን ነገር የጠራበት የግሪክ ቃል ትርጉሙ ሥልጣን ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ሳያለዝብና ወደ መሸፈኛነት ሳይለውጥ ሥልጣን ብሎ አስቀምጦታል። ይህ ታማኝነት ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

መከናነብ ከጎረቤቱ ከመጎናጸፍ ጋር ሲነጻጸር አማርኛ ስለ ሽፋን ምን እንደሚያስብ ይታያል። መጎናጸፊያ በትከሻ ላይ ተጥሎ ሰውነትን የሚያለብስ፣ የክብር ልብስ ነው፤ ለነገሥታትና ለካህናት፣ ለሥዕልም ይሆናል። መከናነቢያ ግን ራስንና ፊትን ይዞ ይሸሽጋል። ከዚህ የተነሣ በየቀኑ የምንሰማው የስፖርት ዜና አሸናፊውን ቡድን «ድልን ተጎናጸፈ»፣ ተሸናፊውን ደግሞ «ሽንፈትን ተከናነበ» ይለዋል፤ ዜና አንባቢውም አድማጩም ስለ ልብስ አያስቡም፣ ሆኖም ልዩነቱን አንዳቸውም አይስቱትም፤ «ሽንፈትን ተጎናጸፈ» ያለ ጋዜጠኛ ቢገኝ ወዲያው ይታረማል። ይህ ማለት ግን የሴቲቱ መከናነብ ኀፍረት ነው ማለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትሕትና ነው፣ በሐዘን ቤት ሐዘን ነው፣ በብርድ ጠዋት ደግሞ ከብርድ መሸሸጊያ ብቻ ነው። የዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነው «ገለጠ» የሚለው ግስም ያው ሰፊ መንገድ አለው፤ ሴት ፀጉሯን ትገልጣለች፣ ምሥጢር ይገለጣል፣ እግዚአብሔር ለሰው ይገለጣል። በላቲንም መሸፈኛን ከሚያመለክተው «ቬሉም» ከሚለው ስም መገለጥን የሚያመለክተው ቃል ወጥቷል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል።

አሁን ወደ ጅልባብ ልለፍ፤ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚያሞቀው የቃል ታሪክ የእርሱ ነውና። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉት ሱቆች ጅልባብ ሲባል ከራስ ጀምሮ ሰውነትን ሸፍኖ የሚወርድ ሰፊ ልብስ ማለት ነው፤ ሻጩም ገዢዋም ቃሉን የዐረብኛ ቃል አድርገው ያውቁታል። ልክ ናቸው፤ በቁርኣን በአል-አሕዛብ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 59፣ ምእመናት ሴቶች በላያቸው እንዲለቁት የታዘዙት ልብስ በብዙ ቁጥር «ጀላቢብ» ተብሎ ተጠቅሷል። ነገር ግን የጥንቶቹ የዐረብኛ ሊቃውንት ቃሉን «ጀለበ»፣ ማለትም አመጣ፣ ከሚለው ግስ ቢያወጡትም፣ ትርጉሙ በደንብ አይገጥምም። ጀርመናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደከ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ጥናቱ፣ ቃሉ ከግእዝ ወደ ዐረብኛ የገባ ሳይሆን እንደማይቀር አመለከተ፤ አርተር ጄፍሪም በቁርኣን ውስጥ ስለሚገኙ ከሌላ ቋንቋ የመጡ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1938 ሲጽፍ ይህንኑ ሐሳብ ተቀበለ። ግእዝ «ገልበበ» የሚል ግስ አለው፤ ሸፈነ፣ ጋረደ፣ ከናነበ ማለት ነው። «ግልባቤ» ደግሞ መሸፈኛ ነው። የግእዙ ገ በዐረብኛ ጀ ሆኖ መገኘቱም እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛ ገመል ያልነውን እነርሱ ጀመል ይሉታል።

ይህ ሐሳብ ከታሪኩ ጋር ይስማማል። አክሱም በ6ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ካሌብ ዘመን ወደ የመን ተሻግራ ገዝታለች፤ እ.ኤ.አ. በ615 ደግሞ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ አክሱም ንጉሥ መጥተዋል። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ሰው፣ ዕቃና ቃል ይመላለስ ነበር። ኖልደከ ከግእዝ ወደ ዐረብኛ እንደተሻገሩ ከቆጠራቸው ቃላት መካከል የኢየሱስን ደቀ መዛሙርት የሚያመለክተው «ሐዋሪዩን» ይገኝበታል፤ የእኛው ሐዋርያ ነው፣ ሖረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ። ቁርኣን ራሱ የሚጠራበት «ሙስሐፍ» የሚለው ስምም ከመጽሐፍ ጋር ዝምድናው በጆሮ የሚሰማ ነው። እንግዲህ ኖልደከ እንዳለው ከሆነ፣ ዛሬ በመርካቶ ከዱባይና ከቻይና በመጣ ጨርቅ ተሰፍቶ የሚሸጠው ልብስ ስሙ ከዚሁ አገር ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ከተጻፈ በኋላ ተመልሶ የመጣ ነው። እኛ በአማርኛ «ገልበበ» የሚለውን ግስ ስለተውነው ቃሉ ሲመለስ ሳናውቀው ቀረን።

ሒጃብ ግን ያለ ጥርጥር የዐረብኛ ነው፤ ትርጉሙም በዘመናት ውስጥ በጣም ተለውጧል። ሥሩ መጋረድንና መከለልን ያመለክታል። ቃሉ በቁርኣን ውስጥ 7 ጊዜ ይገኛል፤ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የሚያመለክተው መጋረጃን ወይም ግርዶሽን ነው፤ በአል-አሕዛብ አንቀጽ 53 ከነቢዩ ሚስቶች ዕቃ የሚጠይቅ ሰው ከመጋረጃ በስተኋላ ሆኖ እንዲጠይቅ የታዘዘበት ቃል ነው፤ በመርየም ምዕራፍ አንቀጽ 17 ማርያም ከሰዎች ተለይታ ያደረገችው ግርዶሽም በዚሁ ስም ተጠርቷል። የሴት ራስ መሸፈኛ በአን-ኑር አንቀጽ 31 የተጠራው «ኺማር» በሚለው ቃል፣ በብዙ ቁጥሩ ነው፤ እርሱም ሥሩ መሸፈን ነው። ሒጃብ ከቤት መጋረጃነት ወደ ሴት መሸፈኛነት የተሻገረው ኋላ ነው። ኒቃብ ደግሞ መብሳትን ከሚያመለክት ሥር ይዛመዳል፤ ዐይን ከሚያይበት ቀዳዳ የተነሣ የተሰጠ ስም ይመስላል፤ ስለዚህ ልብሱ የተጠራው በሸፈነው ፊት ሳይሆን በተወው ክፍተት ነው።

በአንዋር አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። ሻጩ ወጣት ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በተንጠለጠሉ ጨርቆች ተሸፍኗል፣ ባንኮኒው ላይ መርፌ ቁልፍ በካርቶን ተደርድሯል። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ገብተው «ልጄ፣ ሻሽ አምጣልኝ፣ ጥቁር ያልሆነ» አሉት። ልጁም «እሺ እማማ» ብሎ ቡናማ ሒጃብ አውጥቶ ዘረጋላቸው፤ ዳስሰው፣ ዋጋ ተከራክረው ገዙት። ወዲያው ሁለት ተማሪዎች ገብተው «ሒጃብ አለህ፣ ሽፎን?» ሲሉት ከዚያው መደርደሪያ ከዚያው ክምር ላይ አወረደላቸው። እናቲቱ ሙስሊም ናቸው፣ ልጆቹም ሙስሊሞች ናቸው፤ ልብሱም አንድ ነው። የወሎን አማርኛ የሚናገሩ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም እናቶች ሻሽ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የልጅ ልጆቻቸው ሒጃብ ይላሉ። ሁለቱም ቃላት ከዐረብኛ የመጡ መሆናቸውን ሳስብ፣ አንደኛው በነጋዴ ሌላው በትምህርት መምጣታቸው ያመጣው ልዩነት ይታየኛል፤ ሻሽ የጨርቅ ስም ሆኖ ገብቶ ማንም ያስረዋል፣ ሒጃብ ግን ከነምክንያቱ የገባ ስለሆነ የሃይማኖቱ ብቻ ሆኖ ቆሟል።

ወደ ፒያሳ ስንመለስ የሙሽራ ልብስ የሚያከራዩ ቤቶች መስኮት ላይ «ቬሎ» የሚለውን ቃል እናገኛለን። በጣሊያንኛ ቬሎ ማለት ሙሽራ ፊቷ ላይ እንደምትጥለው ያለ ስስ መሸፈኛ እንጂ ቀሚስ አይደለም፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የላቲኑ ቬሉም ልጅ ነው። በአዲስ አበባ አማርኛ ግን ስሙ ከራስ ወርዶ ቀሚሱን ሁሉ ያዘ። ዛሬ «ቬሎ ለበሰች» ስንል ነጩን የሠርግ ቀሚስ ማለታችን ነው፤ ፊቷ ላይ ምንም ባይኖር እንኳ ቬሎ ለብሳለች እንላለን። ፒያሳና መርካቶ ራሳቸው የጣሊያንኛ ስሞች ናቸው፤ በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ አዙረው አዲሱን ሰፈር መርካቶ ያሉት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነው። ቬሎ እንዲህ ሰፍቶ ቀሚስ ሲሆን ያፈናቀለው የራሳችን ቃል አለ፣ እርሱም ዐይነ ርግብ ነው። ዐይነ ርግብ ፊት ላይ የሚጣል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያሳይ፣ እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ጨርቅ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ ውዲቱ የተሸፈነችበትን በዚህ ስም ጠርቶታል። ስሙ የተሰጠው ከጨርቁ ክብ ክብ ቀዳዳዎች የተነሣ ይመስለኛል፤ እንዲያ ከሆነ ከኒቃብ ጋር በአሰያየም ይገናኛሉ፣ ሁለቱም መሸፈኛውን በሚያሳየው ክፍል ጠርተውታል። ዐይነ ርግብ የሚለውን ቃል ሙሽሮቻችን ቢመልሱት እወዳለሁ። ቬሎ ቀሚሱን ስለወሰደ ፊት ላይ ለሚጣለው ጨርቅ ስም ጎድሎናል፤ ያለንን ግን አንጠራውም።

ስለ ሻርፕ የሚባለው ጥቂት ነው። ፈረንሳይኛው «ኤሻርፕ»፣ ጣሊያንኛው «ሻርፓ» ነው፤ ጣሊያኖች ከፈረንሳይኛ ወስደውታል፤ እንግሊዝኛው «ስካርፍ» የወጣውም ከጥንታዊ የሰሜን ፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ አንዲት ሱቅ ውስጥ አንዷ ሻርፕ ሌላዋ ስካርፍ ስትል የሁለት እኅትማማች ቃላት ክርክር ነው። ከመርካቶ ሐረሪዎች የምንሰማው ጉፍታ ግን የተለየ ነገር ነው፤ ያገባች የሐረሪ ሴት ፀጉሯን ለሁለት ከፍላ ከጆሮዎቿ ኋላ ጠቅልላ የምትሸፍንበት ነው፤ በላዩ ሌላ ጨርቅ ስለሚደረግ ከመንገድ ላይ አይታይም፤ ሆኖም በቤቱ ያለ ሰው ሴቲቱ ያገባች መሆኗን የሚያውቀው በእርሱ ነው።

ቆብን ሳላነሣ ባልፍ ጽሑፉ ይጎድላል። ግእዙ «ቆብዕ» ነው፤ የመጨረሻው የጉሮሮ ድምፅ በአማርኛ ጠፍቶ ቆብ ሆነ። ዕብራይስጡም ዐረብኛውም ከዚህ ጋር የሚዛመድ የራስ ልብስ ስም አላቸው፤ በዕብራይስጥ የጦረኛ የራስ ቁር ነው። በእኛ ዘንድ ቆብ የምንኩስና ምልክት ስለሆነ፣ «ቆብ ደፋች» ማለት መነኮሰች ማለት ነው፣ «ቆብ ጣለች» ማለት ደግሞ ከምንኩስና ወጣች ማለት ነው። በሥላሴ ካቴድራል ግቢ ቢጫ ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው የምናያቸው እማሆዮች የሕይወታቸው ውሳኔ ሁሉ በዚህች ትንሽ ልብስና በሁለት ግሶች ይነገራል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች «ቆብ፣ የራስ ልብስ» ብለው ቢተዉት ከቃሉ ዕድሜ አብዛኛውን ጥለውታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከየስሙ አጠገብ ግሱን እንዲጽፉልን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ሒጃብ በዚህ ረገድ ገና በመንገድ ላይ ያለ ቃል ነው። ብዙ ሰው «ሒጃብ ለበሰች» ወይም «ሒጃብ አደረገች» ይላል፤ ለበሰ ለሱሪም ለኮትም የምንለው ነው፣ አደረገ ለመነጽርም ለጫማም ይሆናል። ለእንግዳ ልብስ ሁሉ በመጀመሪያ የምንሰጠው እነዚህን የጋራ ግሶች ነው፤ ቬሎም ከዚያ አላለፈም። ነገር ግን ወጣቶቹ የሚወዱት አሠራር ረጅሙን ጨርቅ በአገጭ ሥር አሳልፎ በራስ ዙሪያ ደጋግሞ ማዞርና በመርፌ ቁልፍ መያዝ ስለሆነ፣ ሱቅ ውስጥ መስተዋት ፊት ቆመው እርስ በርስ ሲረዳዱ «ነይ ጠምጥሚልኝ» ሲባባሉ ይሰማል። ጠመጠመ የካህናትና የሼኾች ጥምጥም ግስ ነው፤ ከሒጃብ ጋር ተጽፎ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው፣ በአንዋር ዙሪያ ባሉ ሱቆች ግን ዐርብ ከሰዓት በኋላ ደጋግሞ ይሰማል።